ልጓሙ ከመግባቱ በፊት
(በቡታጅራ ለባለጋሪዎች፣ ለወጣቶችና ለፈረስ ወዳጆች የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ፈረስ አየሁ። ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቦቃ። ጋሪው ላይ ሁለት ጆንያ እህልና ሦስት ሰው ተጭኗል። ባለቤቱ ሒሳብ እስኪቀበል ፈረሱ አንገቱን ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ልጓሙን ያላምጣል። ቀረብ ብዬ አየሁት። በከንፈሩ ጥግ፣ ብረቱ በሚያርፍበት ቦታ፣ ቆዳው ተልጦ ሥጋው ቀልቷል፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም። ሒሳቡን ተቀብሎ ሲያበቃ አንገቱን መታ መታ አድርጎ በስሙ ሲጠራው ሰምቻለሁ። ቁስሉን ግን አላየውም፤ ልጓሙ ሸፍኖታል።

ልነግራችሁ የመጣሁት የሌላ ዳማ ፈረስ ታሪክ ነው። እሱም ቦቃ ነበር። እሱም አንድ ጊዜ አፉ ቆስሎ ነበር። በዓለም የእሽቅድምድም ታሪክ ከታዩት ፈረሶች ሁሉ ይበልጣል ብለው ብዙዎች የሚመሰክሩለት ነው። ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ግን እኛ ራሳችን ለፈረስ ማን እንደሆንን ላስታውስ።

ፈረስን በስም የሚጠራ ሕዝብ ብዙ ነው። የገዛ ጌታውን በፈረስ ስም የሚጠራ ሕዝብ ግን ጥቂት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ ተብለው ተጠርተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም አባ ጠቅል ነበሩ። ጀግናው የፈረሱ አባት ሆኖ ሲጠራ ፈረሱ እንደ ልጅ ተቆጠረ ማለት ነው። በዚህ በጉራጌ ምድር ተወለዱ የሚባሉት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ መድፈኞችን የመሩት ጀግና፣ እስከ ዛሬ በሕዝቡ አፍ የሚኖሩት አባ ነፍሶ ተብለው ነው። የራስ መኮንን ፈረስ የቃኘው ስም ደግሞ ከባለቤቱ ዕድሜ ተሻገረ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ሻለቃ ተባለ። የአንድ ፈረስ ስም እስከ ሩቅ ምሥራቅ ደረሰ።

በአዊ ደግሞ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች ፈረሳቸውን አስጊጠው እንጅባራ ላይ ይሰባሰባሉ። ፈረስ በጦርነት ለዋለው ውለታ ዛሬም ምስጋና የሚቀርብበት ቀን ነው።

እኛ ዘንድስ? እኛ ዘንድ ጀፎረ አለ። ከቤትና ከቤት መካከል የተዘረጋው ያ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ፣ ማንም ገፍቶ እንዳያርሰው ማንም አጥሮ እንዳይይዘው አባቶች በባህላዊው ሕግ በቂጫ ሲያስከብሩት የኖሩት፣ ልጅ የሚቦርቅበት፣ ሽማግሌ የሚሸመግልበት፣ ሙሽራ የሚታጀብበት ሜዳ የፈረስ መጋለቢያም ነው። እንግሊዞች ለእሽቅድምድም ሜዳቸው ሣር ሲተክሉና ሲያጭዱ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። የጉራጌ ገበሬ ግን ያንን ሜዳ ከደጁ ላይ አግኝቶታል። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው የሚለው አባባል እንደ ጀፎረ የሚስማማው ቦታ የለም።

አሁን ወደ ሌላው ዳማ ልመለስ።

ቶሮብሬድ የሚባል የፈረስ ዘር አለ። እንግሊዞች ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ከምሥራቅ ያመጧቸውን ድንጉላዎች ከራሳቸው ባዝራዎች ጋር እያዳቀሉ ያወጡት በተለይ ለሩጫ የሚራባ ዘር ነው። በዓለም ላይ ያለ ቶሮብሬድ ሁሉ በአባቱ በኩል ወደ ሦስት ድንጉላዎች ይቆጠራል፤ ከሦስቱ አንዱ በ1704 እ.ኤ.አ. ከሶርያዋ ሐለብ የተወሰደ ነው። የእኛ የደጋ ፈረስ ትከሻው ላይ ሲለካ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። ቶሮብሬድ ከ1 ሜትር ከ60 በላይ ይደርሳል።

ከዚህ ዘር አንዱ መጋቢት 21 ቀን 1962 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በቨርጂኒያ ግዛት ተወለደ። ስሙን ሴክሬታሪያት አሉት። አባቱ ቦልድ ሩለር የታወቀ ድንጉላ ነበር። የቦልድ ሩለር ባለቤት የማስጠቂያ ዋጋ በገንዘብ ከመቀበል ይልቅ የሚወለዱትን ውርንጭሎች መካፈልን ይመርጥ ነበር፤ ማን አስቀድሞ ይምረጥ የሚለውም በሳንቲም ይወሰናል። ዘውድ ወይስ ጎፈር ተባለ። የአባቷን የፈረስ እርባታ የምታስተዳድረው ፔኒ ቼነሪ በዕጣው ተሸነፈች። አሸናፊው መጀመሪያ መርጦ አንዲት ውርንጭላ ወሰደ፤ ያቺ ውርንጭላ አድጋ አንድም ውድድር አላሸነፈችም። ለተሸናፊዋ ከደረሷት አንዱ ገና በእናቱ ሆድ ያለ ነበር። ያ ሴክሬታሪያት ነው።

ሰኔ 27 ቀን 1964 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ። ገና ሲነሡ ሌላ ፈረስ ገጭቶት 4ኛ ወጣ። በዚያው የውድድር ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ሮጦ ሰባቱን አሸነፈ፤ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ሳለም የዓመቱ ፈረስ ተብሎ ተመረጠ።

ባለጋሪዎች ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በተለይ እናንተ ልብ በሉልኝ።

ሚያዝያ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. ሴክሬታሪያት ለትልቁ ውድድር መዘጋጃ የሆነ አንድ ሩጫ ነበረበት። የማይሸነፍ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ገንዘቡን አስይዞበታል። ፈረሱ ግን ሦስተኛ ወጣ። ጋላቢው ሮን ተርኮት ልጓሙን ሲይዝ ፈረሱ ጭንቅላቱን ሽቅብ ያነሣ ነበር፤ መሳብ አይወድም፤ መንገድ አይዝም። ምክንያቱ በላይኛው ከንፈሩ ውስጥ የወጣ መግል የያዘ እብጠት ነው። አንድ ትንሽ እብጠት የዓለምን ምርጥ ፈረስ አሸነፈው።

እብጠቱ ፈረጠ፤ ቁስሉ ዳነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን ኬንታኪ ደርቢ በሚባለው በ2 ሺህ ሜትሩ ሩጫ ላይ ያው ፈረስ ተሰለፈ። ሲነሡ ከሁሉ ኋላ ቀረ። ከዚያ ተራ በተራ እያለፋቸው ሄደ። ርቀቱን በአምስት ከፍለን ብናየው የመጀመሪያውን ክፍል በ25 ሰከንድ ገደማ ሮጠው፤ ሁለተኛውን ከዚያ ፈጠን አድርጎ፣ ሦስተኛውን ይበልጥ፣ አራተኛውን ይበልጥ፣ አምስተኛውን በ23 ሰከንድ ጨረሰው። ሌሎቹ እየደከሙ ሲመጡ እሱ እየፈጠነ መጣ ማለት ነው። የገባበት ሰዓት 1 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ከ2/5 ነበር፤ ይህ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ በእጁ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፕሪክነስ የሚባለው ሩጫ ነው። አሸነፈ፤ ሰዓት መቁጠሪያው ግን ተሳሳተ የሚል ክርክር ተነሣ። የሩጫው ፊልም ግን ተጠብቆ ነበር። ከ39 ዓመት በኋላ በ2012 እ.ኤ.አ. የውድድሩ ኃላፊዎች ምስሉን እንደገና መርምረው ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ መሆኑን መዘገቡለት። ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ የተገባውን ሰጡት። አንድ ሕዝብ ለፈረስ የሚሰጠው ክብር በዚህ ይለካል።

ሦስተኛው ሰኔ 2 ቀን 1965 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የተደረገው የቤልሞንት ሩጫ ነው። 2 ሺህ 400 ሜትር ነው፤ በሰው ሩጫ ሜዳ ላይ ቢሆን ስድስት ዙር ማለት ነው። የተሰለፉት አምስት ፈረሶች ብቻ ናቸው። ሦስቱንም ውድድር በአንድ ዓመት ያሸነፈ ፈረስ 25 ዓመት ሙሉ አልተገኘም ነበር። ሴክሬታሪያት ከመነሻው ጀምሮ ሽምጥ ጋለበ። ዋና ተቀናቃኙ ሻም ግማሽ መንገድ ከጎኑ ተከተለው፤ ከዚያ ትንፋሽ አጥሮት ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሴክሬታሪያት ግን ቀጠለ። ተርኮት አለንጋ አላነሣበትም። በመጨረሻው መስመር ላይ ጋላቢው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ የሰዓት ሰሌዳውን ሲያይ የተነሣ ፎቶግራፍ አለ። ሁለተኛ የወጣው ፈረስ 31 የፈረስ ርዝመት ኋላ ነበር። ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ፤ በዚያ ውድድር ያን ሰዓት ያሻሻለ ፈረስ አልተገኘም።

እሱም ይሸነፍ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን ትኩሳት ይዞት ሳለ ሮጦ ኦንየን በሚባል ብዙም በማይታወቅ ፈረስ ተቀደመ። ጥቅምት 18 ቀን 1966 ዓ.ም. በካናዳ የመጨረሻውን ሩጫ አሸንፎ ተሰናበተ። በጠቅላላው 21 ጊዜ ሮጦ 16ቱን አሸነፈ።

እንግዲህ ይህን ፈረስ ሻምፒዮን ያደረገው ማን ነው? ጋላቢው ነው እንል ይሆናል። አሰልጣኙ ሉሲየን ሎረን ነው እንል ይሆናል። እኔ ግን ኤዲ ስዌት የሚባል ሰው ላሳያችሁ።

ኤዲ ስዌት ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ የተወለደ። ሥራው የጋጣ ሰው መሆን ነበር። በየማለዳው የሴክሬታሪያትን እግር አንድ በአንድ አንሥቶ ሰኮናውን ይጠርጋል። ቆዳውን ያሻል። ቁርጭምጭሚቱ ሞቆ እንደሆነ በመዳፉ ይዳስሳል። በርሜሉን ያጥብና ንጹሕ ውኃ ይሞላል፤ ምን ያህል እንደጠጣ፣ ምን ያህል እንደተረፈ ያያል። ፈረሱ በአውሮፕላን ሲጓዝ አብሮት ይጓዛል፤ ሌሊት ደግሞ ከጋጣው ደጃፍ ይተኛል። ፈረሱ ከመታመሙ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ኬንታኪ ውስጥ ለሴክሬታሪያት የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል። ሐውልቱ ላይ ሦስት አሉ፦ ፈረሱ፣ በላዩ ተርኮት፣ ልጓሙን ይዞ ከፊት የሚመራው ደግሞ ኤዲ ስዌት። ባለጋሪዎች፤ ልጓም የሚይዝ እጅ በነሐስ የሚቀረጽ እጅ ነው። ሥራችሁን ማንም ሲንቅባችሁ ይህን ንገሩት።

ሴክሬታሪያት መስከረም 24 ቀን 1982 ዓ.ም. ሞተ።  የገደለው የሰኮና ውስጥ እብጠት ነው፤ በማይድን ሥቃይ እንዳይኖር ሐኪሞች አሳረፉት። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ልቡን አይቶ ደነገጠ። ሚዛን ላይ አላወጣውም፤ ግን ብዙ የፈረስ ልብ ያየ ሰው ነበርና 10 ኪሎ ያህል ይሆናል ብሎ ገመተ። የሌላ ፈረስ ልብ 4 ኪሎ ገደማ ነው። በሽታ ያሳበጠው ልብ እንዳልነበረም ተናግሯል፤ ጤነኛ ነው፣ ትልቅ ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ የሰሙ ብዙዎች ልቡን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያ ልብ በሚያዝያ 13ቱ ሩጫ ቀንም በደረቱ ውስጥ ነበር። ትልቅ ልብ ይዞ በትንሽ የአፍ እብጠት ተሸነፈ። መሞቻውም ልቡ አልሆነም፤ ሰኮናው ሆነ። ፈረስን የሚያቆሙትም የሚጥሉትም አፉና ሰኮናው ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ በሰው እጅ ሥር ናቸው።

ወደ መናኸሪያው ዳማ ልመለስ። ዛሬ ቡታጅራና ወልቂጤ ላይ የሚሠራው የጋሪ ፈረስ ደርቢ አይሮጥም። ነገር ግን ለመስቀልና ለዐረፋ ከአዲስ አበባ ተሳፍሮ ለሚመጣው ዘመዳችን ሻንጣውን ከመናኸሪያ ተቀብሎ የሚያደርስለት እሱ ነው። እናት ከገበያ የገዛችውን እህልና ቆጮ የሚሸከም፣ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ በገቢው የልጅ ደብተር የሚገዛ እሱ ነው። ባጃጅ ሲመጣ ገበያው ጠበበ፤ ገበያው ሲጠብ ባለጋሪው ጭነት ጨመረ፤ ጭነቱ የተጨመረው በፈረሱ ላይ ነው። ያረጀና የታመመ ፈረስ መንገድ ዳር ተለቆ ሲንከራተት ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ቃኘውን፣ ዳኘውን፣ ነፍሶን በስም የሚጠራ ሕዝብ ይህን እያየ ማለፍ አይገባውም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ያደረሰንን ፈረስ ደግሞ ለሚቀጥለው ቀን ማድረስ የእኛ ፋንታ ነው።

ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮች ልለምናችሁ። ልጓሙ የዛገ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ለውጡት፤ በሽቦ የተጠገነ ልጓም ምላስና ከንፈር ይቆርጣል። ፈረስ በቀን ከ20 ሊትር ያላነሰ ውኃ ይፈልጋል፤ በፀሐይ ሲሠራ የዋለ ደግሞ ከዚያ በላይ። ማታ አንዴ ከማጠጣት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ቢቀርብለት ይሻላል። በጀርባውና በደረቱ ላይ ቀንበሩና ጠፍሩ የሚያርፉበትን ቦታ በጨርቅ ደልድሉት፤ ቁስል ከወጣ እስኪድን ጠፍሩ ያንን ቦታ እንዳይነካው አድርጉ። በየቀኑ ማታ እግሩን አንሥታችሁ ሰኮናውን ጥረጉ፤ ድንጋይና ጭቃ ከገባበት ያነክሳል። በአንገቱ ወይም በእግሩ ላይ እየተደረደረ የሚፈነዳ ቁስል ካያችሁ ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም አሳዩት፤ ወደ ሌሎቹ ፈረሶች ይተላለፋልና በእሱ ልጓምና ጠፍር ሌላ ፈረስ አትጫኑ።

የከተማችሁን ሹማምንትም በእናንተ ፊት እለምናለሁ። በመናኸሪያው አጠገብ ጥላና የውኃ ገንዳ ይሠራ። ለተሽከርካሪ ማቆሚያ የሚታሰበውን ያህል ለፈረስ ማሳረፊያም ይታሰብ። ወጣቶች ደግሞ ጀፎረን ጠብቁልን። አጥር እየገፋው፣ ግንብ እያጠበበው ነው። ጀፎረ ከጠፋ ፈረስ የሚጋልብበት፣ ልጅ ፈረስ መውደድ የሚማርበት ቦታ ጠፋ ማለት ነው። እንጅባራ ላይ አገው በየዓመቱ እንደሚያደርገው እኛም በመስቀል ሰሞን ከጀፎረው ላይ ፈረሶቻችንን አስጊጠን የምናወጣበት ቀን ይኑረን። ያን ቀን የሚሸለመው ቀድሞ የገባው ብቻ አይሁን፤ ገላው ያልቆሰለ፣ አፉ ያልደማ፣ ሰኮናው የጸዳ የጋሪ ፈረስ ባለቤትም ይሸለም። ኤዲ ስዌትን የሚያከብር ሽልማት እዚህ ቢጀመር ለቡታጅራና ለወልቂጤ ኩራት ነው።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ጋሪያችሁ ደጅ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ነገም ማለዳ ትነሣላችሁ፤ ፈረሱ አፉን ሲከፍት ልጓሙን ታስገባላችሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ልጓሙ ከመግባቱ በፊት ከንፈሩን ከፍ አድርጋችሁ አፉን እዩለት።